«አላውቀውም» ያለችበት ቅዳሜ

ሄዋን ያን ቃል መልሳ መዋጥ ቢቻላት ኖሮ፣ እሳት ቢሆንም ትውጠው ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ በፈረንጆቹ 2003፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የአሜሪካዋ ኦሮራ ከተማ ሲኒማ ቤት መግቢያ በሐበሻ ተሞልቶ መፈናፈኛ የለውም። ለሠርግ እንደሚሄድ የለበሰ አለ፤ የሥራ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ የሮጠም አለ። ባለፈው ዓመት ከከተማው በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ የተቀረጸው የጦርነት ፊልም ሊታይ ነው። ታሪኩ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለተሰለፉ ጥቁር ወታደሮች ነው፤ ከፊታቸው ጠላትን፣ ከጀርባቸው የገዛ ወገናቸውን ንቀት ስለተዋጉ ሰዎች። ፊልም ሠሪዎቹ ወታደር የሚሆን ጥቁር ወንድ ሲያጥራቸው በሐበሻ ሱቆች በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ታክሲ ነጂውንም ፓርኪንግ ሠራተኛውንም ሰማያዊ ካፖርት አልብሰው አሰለፉት። እናም ዛሬ ሚስት ባሏን፣ እናት ልጇን ልታይ ተሰብስባለች።

ሄዋን ከታላቅ ወንድሟ ከበድሉ፣ ከሚስቱ ከአልጣሽና ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ከዮርዲ ጋር ቆማለች። በድሉ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ሄዋንን ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ አሜሪካም ያመጣት እሱ ነው። ወንድም ትለዋለች እንጂ አባቷ ነው።

እድሪስ በሩን ገፍቶ ሲገባ ቀድማ ያየችው እሷ ናት። ጥቁር ሱፍ ለብሷል። ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። በእጁ ነጭ አበባ ይዟል። በሰው መካከል ዓይኖቹ ሲፈልጓት ቆይተው አገኟትና ፊቱ እንደ መስኮት በራ።

ና ያለችው ራሷ ናት። «ፊልሙ የሚታይ ቀን ከጋሼ ጋር አስተዋውቅሃለሁ» ብላ ቃል የገባችለት ከሁለት ወር በፊት ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ በድብቅ ከተገናኙ በኋላ።

እየቀረበ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ወደ ሲኒማው ሲመጡ መኪና ውስጥ በድሉ በረጅሙ ተንፍሶ፣ «ተስፋ ቢኖር ዛሬ ሃያ ሰባት ዓመቱን ይደፍን ነበር» ብሎ ነበር። ተስፋ የመጨረሻ ወንድማቸው ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1991 የካቲት ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ግንባር ላይ ወድቆ ቀርቷል። ቀኑን ረስታው ነበር። እሷ የወንድሟን የልደት ቀን ረስታ፣ ለዚያው ቀን ኤርትራዊ ቀጥራለች!

እድሪስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው በድሉ አበባውን አየ፤ ከዚያ እህቱን።

«ማነው ይሄ? ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም» አለች።

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ይህ ነው በኋላ እንቅልፍ የነሳት። ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ የባዕድ ድምፅ ነበር።

እድሪስ ባለበት ቆመ። ከፊቱ ላይ ያ ብርሃን ሲሄድ ታየ። አንዴ በድሉን፣ አንዴ እሷን ተመለከተና ራሱን በትሕትና ዝቅ አደረገ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት፤ አንድ ዓመት ሙሉ ‘ሄዋንዬ’ ሲላት የከረመው ሰው። «የማውቃት ሰው መስለውኝ ነው።»

አበባውን ወደ ታች አዙሮ ይዞ ወደ አዳራሹ ገባ። በድሉ ፈገግ አለ፤ «ምስኪን፣ ሰው ተምታታበት» አለ። ሄዋንም ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ከቃሉ ይልቅ ከበዳት።

*

የተዋወቁት በዚሁ ፊልም ቀረጻ ነው። ሄዋን በሳምንት አራት ቀን ፓርክ ሂል የሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ ነርሲንግ ሆም አረጋውያንን ትንከባከባለች። ስፌት ስለምትችል በቀሩት ቀናት የፊልሙ ልብስ ክፍል ገብታ ቁልፍ ስትተክልና እጅጌ ስታሳጥር ከረመች። አንድ ጠዋት ቀጭን ረጅም ሰው ካፖርት ተሸክሞ ከፊቷ ቆመ።

«እህቴ፣ ይቺ ካፖርት ከእኔ ሌላ ሁለት ወታደር ትችላለች» አላት።

አፏ ውስጥ መርፌ ነክሳ ስለነበር ሳቋን ስትይዝ እንባዋ መጣ። እድሪስ ይባላል፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ታክሲ ይነዳል። በወረቀት ኤርትራዊ፣ በአንደበቱ ግን ጥርት ያለ የተክለሃይማኖት ሰፈር ልጅ ነው። በማግስቱ የተበጠሰ ቁልፍ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ቀን ምንም ሳይበጠስበት መጣ።

አንድ ቀን በረዶ እየጣለ ከባዱ ትዕይንት ተቀረጸ። ጥቁሮቹ ወታደሮች ኮረብታውን ተዋግተው ካስለቀቁ በኋላ እራት ሲደርስ ነጮቹ ድንኳን ውስጥ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ፤ እነሱ መሬት ላይ ብሉ ይባላሉ። ሰሐናቸውን እንደያዙ በረዶው ላይ ቆመው አንበላም ይላሉ። በረዶው ምግቡን እስኪሸፍነው ድረስ ቆመው ሳለ፣ በተራ አጃቢነት ኋላ የተሰለፈው እድሪስ እንባው ወረደ። ማንም አልቅስ አላለውም። ዳይሬክተሩ ግን አየው፤ ወደ ፊት አወጣውና አንዲት ቃል እንዲናገር ሰጠው።

ቀረጻው ሲያበቃ ድንኳኑ ጥግ ሣጥን ላይ ተቀምጦ አገኘችው። «ምን ሆነህ ነው?» አለችው። ያን ጊዜ ነው የነገራት።

«በ1990 ሐምሌ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። አባቴ ሳልሕ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት በዚያ ሰፈር መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ‘አገራችሁ ግቡ’ አሉን። አገራችን የትኛው እንደሆነ ሳይገባን አውቶቡሱ በር ላይ ደረስን። አንደኛው ሰውዬ አባቴን ‘የሚያውቅህ፣ የሚመሰክርልህ ሰው አለ?’ አለው። አባቴ ደስ አለው፤ ጎረቤታችን ጋሽ ወልደገብርኤል በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ግድግዳ የኖርን ሰዎች ነን። ልጃቸው ስትታመም አባቴ ነው በገዛ መኪናው ሐኪም ቤት ያደረሳት። በስማቸው ጠራቸው። አዩት። ከዚያ ሰውየውን አዩና ‘አላውቀውም’ አሉ።»

ካፖርቱን ወደ ራሱ ሰበሰበ። «አባቴን ያቆሰለው ቤቱን ማጣቱ አይደለም፣ ሄዋን። አውቶቡስ ላይ ያን ሁሉ መንገድ ሲደጋግም የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ‘አላውቀውም አለኝ እኮ፣ አላውቀውም አለኝ።’ ዛሬም አሥመራ ሆኖ ይለዋል።»

ሄዋን እጁን ያዘች። ያን ቀን ምንም አልማለችለትም፤ መማል የሚያስፈልገው ነገር አልመሰላትም ነበር።

*

ፊልሙ ሲጀመር ሄዋን በበድሉና በዮርዲ መካከል ተቀምጣ የሚታየውን አታይም። ከፊቷ አራተኛው ረድፍ ላይ የምታውቀው ትከሻ አለ፤ እንደ ድንጋይ ቀጥ ብሏል።

የገበታው ትዕይንት መጣ። በረዶው ይጥላል። ወታደሮቹ ሰሐን ይዘው ቆመዋል። መኮንኑ በንዴት መዝገብ አወጣና እምቢተኞቹን ሊያስቀጣ ስም ይጽፍ ጀመር። ሁለት ጻፈ፤ ሦስት ጻፈ። ሌሎቹን ያስፈራ መስሎት መዝገቡን ሊዘጋ ሲል፣ ማንም ያላስተዋለው ጺማም ወታደር ከኋላ ወጥቶ ከፊቱ ቆመ። ፊቱ ስክሪኑን ሞላው። እንባው ጺሙ ላይ ቀዝቅዟል።

«ስሜንም ጻፉት» አለ በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብሎ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አልጣሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከሄዋን ጎን ደግሞ በድሉ፣ የተስፋ መርዶ በተነገረ ቀን እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰው በድሉ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«ዳዲ፣ አር ዩ ክራይንግ?» አለች ዮርዲ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ፣ እይ» አላት። ወደ ሄዋን ዘንበል ብሎ፣ «ይሄን ልጅ ተመልከቺውማ! የማን ልጅ ይሆን? ያሳደገው ሰው የተባረከ ነው» አለ።

ከጺሙና ከቆቡ በታች ያለውን ሰው አላወቀውም። ደጅ ላይ «ምስኪን» ብሎ ያዘነለት ሰው መሆኑን አላወቀም። ሄዋን ከንፈሯን ነክሳ ደም ደም አላት። መብራት ሲበራ አራተኛው ረድፍ ላይ አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ ወንበሩም ላይ ነጭ አበባ።

*

በማግስቱ ደወለች፤ አላነሳም። ሰኞ ደወለች፤ አላነሳም። ሐሙስ ዕለት ድምፅ መቀበያው ላይ «እድሪስ፣ እኔ ነኝ» ብላ ጀመረችና ‘እኔ’ ማን እንደሆነች መናገር አቅቷት ዘጋችው። ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ አሮጊቶቹን ስታጎርስ ለራሷ ምክንያት ትደረድራለች፤ የተስፋ ልደት ነበር፣ ጋሼ የደም ብዛት አለበት፣ ሰው በዝቶ ነበር። ምክንያቱ ሁሉ እውነት ነው። አንዱም ግን አያሳርፋትም።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ እንግዳ መቀበያዋ ፖስታ ሰጠቻት። የእጅ ጽሑፉን አወቀችው። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ከፈተችው።

«ሄዋን፣

አልተቀየምኩሽም ብዬ አልዋሽሽም። ወንድምሽን እንደምትፈሪ አውቃለሁ፤ ሐዘናችሁንም አውቃለሁ። ‘የሥራ ባልደረባዬ ነው’ ብትይ ይበቃኝ ነበር። ‘ልብስ የሰፋሁለት ሰው ነው’ ብትይ እንኳ ደስ ብሎኝ እጨብጠው ነበር። ከአማርኛ ቃል ሁሉ መርጠሽ ያቺን አነሳሽ። እኔ ራሴ አንቺ ዘንድ ያስቀመጥኳት ቃል ነበረች።

አባቴ በየእሁዱ ስደውልለት ‘ያቺ ልጅ እንዴት ናት?’ ይለኛል። ደህና ናት እለዋለሁ። ያን ቃል በሕይወቱ ሁለተኛ ጊዜ እንዲሰማው አልፈለግሁም። ለአባቴ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

እድሪስ»

ሄዋን ደብዳቤውን ደረቷ ላይ አድርጋ መሪው ላይ ተደፋች። ክፉ ሰው መሆኗን ማወቅ አንድ ነገር ነው። ደግ ሰውን ውሸታም ማድረጓን ማወቅ ግን ሌላ ሕመም ነበር።

*

እሁድ ከአምልኮ በኋላ በድሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን መራ። የጴጥሮስን ክህደት አነበበ። አንብቦም ሲጨርስ፣ «ሁላችሁም ያን ፊልም አይታችኋል» አለ። «ያ ልጅ በዚያ ብርድ ውስጥ ወጥቶ ‘ስሜንም ጻፉት’ ሲል ራሴን ጠየቅሁት። በድሉ፣ አንተ ብትሆን ትወጣ ነበር? በወገኑ የማያፍር ሰው እንደዚያ ነው።»

ሄዋን ተነስታ ወጣች። በድሉ መኪናው ውስጥ ተኮራምታ አገኛት። ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ምን ሆነሻል? ሁለት ሳምንት ሆነሽ። አልጣሽም አይታሻለች።»

«ጋሼ፣ ያ ልጅ...» አለች። «ያ የምታወራለት ወታደር። አበባ ይዞ የመጣው ሰውዬ እኮ ነው።»

«የትኛው አበባ?»

«ታውቂዋለሽ ያልከኝ። እድሪስ ይባላል። አንድ ዓመት ሆነን። ከአንተ ጋር ላስተዋውቀው የጠራሁት እኔ ነኝ። አላውቀውም አልኩ፤ ፊቱ ላይ አላውቀውም አልኩ።»

«እድሪስ» አለ በድሉ፣ ስሙን እንደሚመዝን ሰው። «ከየት ነው?»

«ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው። በ1990 አባረሯቸው። ኤርትራዊ ነው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ፊት ያያል። ትጮህብኛለህ ብላ ጠበቀች፤ መጮሁን ፈለገችው። በቁጣው ውስጥ መደበቅ ትችል ነበር።

«ተስፋን ማን እንደላከው ታውቂያለሽ?» አላት።

«ማን ላከው? ራሱ አይደል የዘመተው?»

«ደወለልኝ። ከመዝመቱ ሦስት ቀን በፊት። ‘ጋሼ፣ ፈርቻለሁ፤ ምን ላድርግ?’ አለኝ። እኔ እዚህ ኦሮራ፣ ሶፋ ላይ ሆኜ፣ በዚያ ሰሞን ባንዲራ ይዤ ሰልፍ ስወጣ እጨፍር የነበርኩት፣ ‘ወንድ አይደለህም እንዴ? ዝመት!’ አልኩት።» መሪውን ለቀቀ። «ለአልጣሽ እንኳ አልነገርኳትም። አራት ዓመት ሙሉ የገደሉትን ስጠላ የኖርኩት፣ ወደ ራሴ እንዳልዞር ብዬ ነው።»

ሄዋን እጁን ልትይዝ ስትል ሰበሰበው።

«ቤቴ አታምጪው። አልችልም፤ እንደምችል አድርጌ አልዋሽሽም። ሃይማኖቱም፣ ነገሩም... አልችልም። ግን አላውቀውም ብለሽ እንዳትቀሪ። በኔ ምክንያት ሌላ ሰው እንዲበደል አልፈልግም። ተመለሺና ንገሪው።»

*

ሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሄዋን አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ታክሲዎች ተራ ወደሚጠብቁበት ሰፊ ሜዳ ነዳች። ዳር ላይ ፓርክ አድርጋ ወረደች። ሾፌሮቹ በየመኪናው አፍንጫ ላይ ተሰብስበው ካርታ ይጫወታሉ። ሽበታሙ ጋሽ ውዳሰ፣ ከሾፌሮቹ ሁሉ ቀደምት የሆኑት፣ ቀና ብለው አዩዋት።

«ማንን ፈልገሽ ነው፣ ልጄ?»

«እድሪስን።»

እድሪስ የመኪናውን ምንጣፍ እያራገፈ ነበር። አያትና ምንጣፉን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እዚህ የምታውቂው ሰው አለ?» አላት።

ካርታው ቆመ። ሄዋን ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አለ። አንተን አውቅሃለሁ። የምወድህ ሰው ነህ። በሰው ፊት ክጄሃለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ ልልህ መጣሁ።»

እድሪስ ራሱን ነቀነቀ። «እዚህማ ቀላል ነው፣ ሄዋን። እዚህ አንቺን የሚያውቅሽ የለም።»

እንደ ጥፊ አረፈባት፤ ምክንያቱም እውነት ነው። «ለጋሼም ነግሬዋለሁ» አለች።

ፊቱ ተለወጠ። «ምን አለ?»

«ቤቴ አታምጪው አለ።» እንባዋ መጣ። «ተስፋን ዝመት ያለው እሱ ራሱ መሆኑንም ነገረኝ። ፈርቻለሁ ብሎ ደውሎለት ነበር።»

እድሪስ መኪናው ላይ ተደገፈ። ከዚያ ከኪሱ የስልክ ካርድ አወጣ።

«አሥመራ አሁን ምሽት ነው፤ አባቴ አልተኛም። ለሱ አንቺው ንገሪው። እኔ ሁለተኛ አልዋሸውም።»

ታክሲው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ስልኩ ጠራ፤ ለስለስ ያለ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። ሄዋን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«አባባ፣ ሄዋን ነኝ። ልጅዎን በሰው ፊት አላውቀውም ብያለሁ።»

መስመሩ ላይ ነፋስ የመሰለ ድምፅ ብቻ ነበር። ሄዋን የዘጉባት መሰላት።

«ማንን ፈርተሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ አቶ ሳልሕ በመጨረሻ።

«ታላቅ ወንድሜን። ጦርነቱ ላይ ታናሻችን ሞቶብናል።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«ተስፋ።»

«ዕድሜውስ?»

«ሃያ ሁለት።»

ሽማግሌው «ኡፍ» አሉ፤ ከልባቸው ሥር የወጣ ድምፅ ነበር። «አላህ ያጽናሽ። የእናንተም ልጅ፣ የእኛም ልጅ፣ አፈር በላው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ አይወጣልኝም፣ ልጄ። ይቅር ብያለሁ ብልሽ ምላሴ ነው የሚልሽ። ለልጄ ስጪልኝ።»

እድሪስ ስልኩን ሲይዝ የሽማግሌው ድምፅ ለሁለቱም ይሰማ ነበር።

«አንተ ለዚህች ልጅ ወንድም ልቅሶ ደርሰሃል?»

«አባባ፣ ከሞተ እኮ አራት ዓመት አለፈው።»

«ልቅሶ ያረጃል እንዴ? አንድ ዓመት ልጅቷን ስትወድ፣ ቤቷ ያለውን ሐዘን ዘለህ ነው የወደድካት? ሂድና ልቅሶ ድረስ። ከዚያ በኋላ ተቀየም።»

*

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የበድሉ አፓርታማ በር ተንኳኳ። ሄዋን ለአልጣሽ ብቻ ነግራታለች። አልጣሽ ምንም ሳትል ሳሎኑን ጠርጋ፣ ከመሳቢያ ውስጥ የተስፋን ፎቶግራፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቁማው ነበር። በሩን የከፈተው በድሉ ነው።

ደጅ ላይ ጋሽ ውዳሰ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው እድሪስ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ባዶ እጁን።

በድሉ እድሪስን አወቀው። መንጋጋው ተቆለፈ። ሄዋን ከኩሽናው በር ላይ ሆና የወንድሟን ጀርባ ብቻ ታያለች፤ በሩን እንደያዘ ነው፤ አንድ ግፊት ይበቃዋል።

«ጋሽ በድሉ» አለ እድሪስ። «ልጅቷን ልጠይቅ አልመጣሁም። አባቴ ነው የላከኝ። ለተስፋ ነው የመጣነው። ስለዘገየን ይቅርታ ያድርጉልን።»

ልቅሶ የመጣን ሰው በር ላይ የሚመልስ ሐበሻ የለም። በድሉ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተጠጋና መንገድ ለቀቀ።

እድሪስ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ሶፋውን ትቶ ከሁሉ ዝቅ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ውዳሰ ከጎኑ ተቀመጡ። ወግ ነውና ዝምታው ተጠበቀ። ከዚያ እድሪስ ፎቶግራፉን ቀና ብሎ አየው፤ ያ ጉንጩ ገና ያልጠነከረ ልጅ ወታደር ፈገግ ብሎ ይመለከተዋል። የእድሪስ ፊት ተጨማደደ። ካሜራ አልነበረም፤ ዳይሬክተርም አልነበረም። እንባው ዝም ብሎ ወረደ።

በድሉ ያን አየ። ከቆመበት ዝቅ ብሎ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«ዝመት ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ለማን እንደተናገረ አይታወቅም፤ ለሚስቱ ይሁን፣ ለእንግዳው፣ ወይስ ለፎቶግራፉ። «ፈርቻለሁ ሲለኝ፣ እኔ ነኝ!»

አልጣሽ እሪ አለች። በድሉ አራት ዓመት የያዘው ልቅሶ ግድቡን ሰብሮ ወጣ፤ ግንባሩን መሬት አስነክቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከበርጩማው ተነስቶ ቀድሞ የደረሰለት እድሪስ ነበር። በጉልበቱ ተንበርክኮ ትከሻውን ያዘው፤ አይዞህም፣ ዝም በልም አላለውም። ዝም ብሎ ያዘው።

ሄዋን ከኩሽናው በር ንቅንቅ ማለት አልቻለችም። ይህን ሰው ነው አላውቀውም ያለችው። ደግነቱን ባየች ቁጥር በደሏ እየገዘፈባት ሄደ። ወንድሟ ሲቀለው፣ የእሷ ሸክም ግን አልቀለላትም፤ እንዲቀልላትም አልጸለየችም። ይገባኛል ብላ ቆማ ተሸከመችው።

ሊሄዱ ሲነሱ እድሪስ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገናኙ። አልሸሻትም፤ አልሳቀላትምም። የደከመ፣ የተጎዳ፣ ግን የሚያያት ዓይን ነበር። ከዚያች የሲኒማ ቤት ቅዳሜ ወዲህ እንዲህ አይቷት አያውቅም።

«እግዜር ያጽናችሁ» አሉ ጋሽ ውዳሰ፣ ባርኔጣቸውን እያደረጉ።

በድሉ ዓይኑ አብጦ እስከ ደጅ ሸኛቸው። ለመጨረሻ ጊዜ የእድሪስን እጅ ጨበጠና፣ ልቅሶ ደራሽን የሚሸኝ ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ ከልማድ የተነሳ፣ «እግዜር ይስጥልኝ። በደስታ ያገናኘን» አለ።

ካለ በኋላ ያለውን ሰማው። እጁን ግን አላላቀቀም። ሄዋን በሩ ላይ ሆና ያን ምርቃት መውሰድ ፈራች፤ የእሷ ይሁን አይሁን አላወቀችም። ቢሆንም አፏ ሳያስፈቅዳት፣ ከአልጣሽም ከጋሽ ውዳሰም ቀድሞ፣ «አሜን» አለ።